በቀን የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ወላጆቼ ስለ አገራቸው ክረምት ሲያወሩ ዝናብን፣ ጭቃንና ጎርፍን ይጠሩ ነበር፤ እኔ የማውቀው ክረምት ግን አንዲት ጠብታ የማይወርድበት፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ፣ ሣሩን አድርቆ የሚያነጣ፣ አመሻሹ ላይ ከየግቢው የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰማዩን ዝቅ አድርጎ ከጣሪያ ጋር የሚያገጣጥምበት የጻካኔ ክረምት ነበር። ጻካኔ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ያለች፣ ትንንሽ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ሰፈር ናት። አባቴ በቤታችን የፊት ክፍል፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድና በነጠላ የሚሸጥ ሲጋራ ይቸረችር ነበር፤ ሰፈርተኛው ሱቋን ስፓዛ ይላታል። በጓሯችን ደግሞ፣ ጣሪያዋ በድንጋይ በተጫነ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጋሼ ኤርጫፎ ይኖሩ ነበር።

ጋሼ ኤርጫፎ የሥጋ ዘመዳችን አልነበሩም። አባቴ ከምባታ፣ እርሳቸው ሀዲያ ሆነው፣ በእንሰት ከተከበቡ ሁለት አጎራባች መንደሮች ወጥተው እዚህ የአህጉሩ ጫፍ ላይ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው የጋራ የሆነው ቋንቋ አማርኛ ስለነበር፣ እኔም አማርኛን የለመድኩት ለሁለቱም የአፍ መፍቻ ባልሆነ አንደበት፣ በተለይም በእርሳቸው ዝግ ባለና ቃላትን እንደ እንቁላል እየለየ በሚያስቀምጥ አነጋገር ነው። የያዙት የጥገኝነት ወረቀት እዚህ መኖርን እንጂ ሄዶ መመለስን አይፈቅድም ነበርና፣ ባለቤታቸውን እትዬ አማረችን ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ትዳራቸው የቀረው በስልክ ነበር። ያም ቢሆን፣ እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው ትዳሮች ሁሉ ብዙ ወሬ የነበረበት እርሱ ይመስለኛል።

አመሻሽ ላይ ጋሼ፣ ጎረቤቶቻችን ኢምባውላ የሚሉትን፣ ጎኑ በምስማር የተበሳሳ የቀለም ቆርቆሮ በከሰል ሞልተው ደጅ ያቀጣጥሉታል፤ ጭሱ ወጥቶ ሲያልቅና ፍሙ እንደ በሰለ ብርቱካን ሲቀላ ወደ ክፍላቸው ያስገቡትና በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ያኔ እኔና ታናሽ እህቴ ሰላም፣ ጉልበታችን እየተቃጠለ ጀርባችን እየቀዘቀዘ፣ የላምባ ፋኖሱ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ሲያገዝፈው እያየን እንቀመጣለን። አጀማመራቸው ሁልጊዜ ከወሬ ነው፤ እትዬ አማረች የነገሯቸው የመንደር ወሬ። የእገሌ ላም መንታ ወለደች፤ ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ተካሰሱ። ወሬው የት ላይ አልቆ ተረቱ የት እንደሚጀምር ያኔም አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ጥላው ጠዋት የታላቅየው፣ ከሰዓት በኋላ የታናሽየው ማሳ ላይ ይወድቃል ተባለ እንበል፤ ወዲያው ጅብ ለሽምግልና ይመጣል፤ ቀትር ላይ ጥላው ማንም ጋ ስለማይደርስ የዳኛው ድርሻ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ የሁለቱንም በሬዎች ጥላው ሥር አስቁሞ «አረፉ» እያለ ይበላቸዋል። ሰላም ከሳቋ የተነሣ ትወድቃለች። እኔ ግን ወንድማማቾቹ የእውነት እንደሆኑ ስለማውቅ፣ በሬዎቹም የእውነት ይመስሉኝና እተክዛለሁ።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በቀን ተረት አያወሩም። አንዴ ምክንያቱን ስጠይቃቸው ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ማታ ማታ ሞት ሥራ ላይ ነው፤ መንገደኛ ነው፤ ወሬ አይሰማም። ቀን ግን ደክሞት የሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ታውቃለህ፣ ጆሮው አያርፍም። በተረት ውስጥ የተጠራ ስም ከሰማ፣ አደራ የተሰጠው ይመስለዋል።»

ይህን ሲሉኝ አልሳቁም። የመንደራቸው ሰው ሁሉ እንደሚያምነውም፣ እርሳቸው ብቻ እንደሚያምኑትም አላውቅም። ብቻ ከልባቸው ነበር።

ያኔ እኛ ልጆቹ የማናውቀውን፣ እናቴ ኋላ የነገረችኝን ነገር፣ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ቀድሞ ይወቀው። ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በአንድ እሑድ፣ እትዬ አማረች ሞቱ። ከመንደሩ የተደወለው ለጋሼ ኤርጫፎ ሳይሆን ለአባቴ ነበር፤ በእኛ ወግ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሰው፣ የሚይዘው ክንድና አብሮት የሚያለቅስ ዓይን አዘጋጅተው ያረዱታል። አባቴም በየሰፈሩ ላሉት የአገር ሽማግሌዎች ደወለ፤ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ እኛ ቤት ሊገናኙ ተስማሙ። እስከዚያ ጋሼ እንዳይሰሙ፣ በመንደሩም እርሳቸው ሲደውሉ ማንም እንዳያነሣ ተባለ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ግን በረዶ ጣለ።

በዚህ ከተማ በረዶ እንግዳ ነው፤ ትውልድ መጥቶ ትውልድ ሲሄድ አንዴ ብቅ ይላል። እኔ የነቃሁት በጸጥታው ነው። ታክሲዎቹ ጥሩምባ አይነፉም፤ ውሾቹ አይጮኹም፤ በመስኮቱ በኩል የማውቀው ዓለም ሁሉ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ የጎማው ክምር፣ የቆሻሻ ገንዳው ሳይቀር፣ ኃጢአቱ እንደተሰረየለት ነጥቶ ተኝቷል። የጎረቤታችን አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ የሚላቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በመንገዱ መሐል ቆመው አፋቸውን ለሰማዩ ከፍተዋል። የሱቃችን ፍርግርግ ያን ቀን የሰፈሩ ሬዲዮ ሆነ፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ወሬ ይዞ ይመጣል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና በመኪና ተደራርቧል፤ ከታች መንገድ የአንዱ ዛኒጋባ ጣሪያ ከበረዶው ክብደት ተደርምሷል፣ ሰው ግን ተርፏል። ከረፋዱ በፊት መብራቱም ሄደ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ስለተዘጋባቸው ለረቡዕ ንጋት ቀጠሮ መለወጣቸውን ለአባቴ ደውለው ነገሩት። አባቴ ስልኩን ዘግቶ እናቴን አያት።

«ብቻዬን ልንገራቸው?» አለ።

«ብቻህን ሆነህ ሰው ታፈርሳለህ?» አለችው። «ቢወድቁ ማን ይይዛቸዋል? እኔና አንተ?»

ጋሼ ኤርጫፎ በዚያው ቅጽበት፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ ተሸክመው፣ እንደ ልጅ እየሳቁ በጓሮ በር ገቡ።

«አየለ፣ እስቲ ካርድ ስጠኝ፤ አማረችን ላስቃት! ሰማዩ ተልጦ ወደቀ ብላት አብደሃል ትለኛለች። ከእሑድ ጀምሮ ስልክ አታነሣም፤ ዛሬ ግን በዚህ ወሬ ትነሣለች።»

አባቴ እጁን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ፣ ካርዶቹን እየነካ፣ «ኔትወርክ የለም ጋሼ» አላቸው። «በረዶው አንቴናውን መታው።»

«በረዶውም እዚህ አገር ሲደርስ ዘራፊ ሆነ!» ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ጎጎ ጋ ልሂድ፤ የእርሳቸው ስልክ በሌላ መስመር ነው።»

«የእርሳቸውም ጠፍቷል» አለ አባቴ፣ ከሚገባው በላይ ቶሎ ብሎ። ወዲያውም፣ ሰውየው ወደ ደጅ እንዳይወጡ የሚይዝበት ሌላ ነገር ሲፈልግ፣ ዓይኑ እኛ ላይ አረፈ። «ልጆቹ ብርዱን ፈርተዋል ጋሼ። እዚሁ ከእሳቱ ዳር ይቀመጡና አንድ ተረት ያውሩላቸው።»

«በቀን?»

«ለዛሬ ብቻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ የአንቱታን ወግ ያልለመደችው እህቴ፣ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ አማርኛዋ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እጃቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ጎተተቻቸው።

«ጋሼ፣ ዊንዶውን እይ! ሰን የለም፣ ላይት የለም። ይሄ ዴይ አይደለም፤ ማታ ነው!»

በእርግጥም ሰማዩ እርሳስ መስሎ ነበር፤ እናቴም ሻማ አብርታ ነበር። ጋሼ ሰማዩን ለረዥም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ እህቴን አዩና፣ «ይቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች፤ ፀሐይን ከሳ ታሳስራለች» ብለው ተቀመጡ። ኢምባውላው ወደ ዋናው ቤት ገባ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ድንች ትልጣለች፤ አባቴ በሱቁና በሳሎኑ መሐል ባለው መዝጊያ ተደግፎ ቆሟል።

የነገሩን ተረት ይህ ነው። በአንድ ዘመን በመንደራቸው ላይ ነጭ ነገር ከሰማይ ወረደ። ሴቶቹ ቡላ ነው አሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ቀናት ጠብቆ የሚገኘው ያ ነጭ ዱቄት ያለ ድካም ከላይ ዘነበልን አሉ። እንስራ ያላት በእንስራ፣ ቅል ያላት በቅል፣ ምንም የሌላት በቀሚሷ ሰበሰበች። የእንሰት መፋቂያቸውን ገደል ጣሉት። አንዲት ሴት ብቻ ከደጃፏ አልተነሣችም።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች ሰላም፣ ምክንያቱም በእርሳቸው ተረት ስም የሌለው ሰው አልነበረም።

ጋሼ እሳቱን ቆሰቆሱ። የናፈቁትን ሰው ስም ከመጥራት የሚጣፍጠው ነገር የለም፤ ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

«አማረች» አሉ።

የእናቴ ቢላ ቆመ። አባቴ ወደ ሱቁ ገባ፤ ገዢ በሌለበት ሱቅ ሻማ እያነሣ ሻማ ሲያስቀምጥ ይሰማኝ ነበር።

አማረች፣ አሉ ጋሼ፣ ከነጩ ነገር በጣቷ ነክታ ቀመሰችና «ሳይፋቅ የመጣ፣ ሳይበላ ይሄዳል» አለች። ሴቶቹ ሰደቧት፤ ምቀኛ አሏት፤ ሰማይ ሲሰጥ የምትኮራ አሏት። አመሻሽ ላይ እንስራቸውን ሲከፍቱ ውኃ ብቻ ሆኖ አገኙት። ልጆቻቸው አለቀሱ። አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ አማረች ቤት መጡ። አማረች ዕፍኝ የማትሞላ ቡላ ነበረቻት፤ አንድም ነገር ሳትናገር ትልቁን ድስት ጣደች፤ ገንፎው ቀጥኖ ቀጥኖ ፊት የሚያሳይ እስኪሆን ድረስ ውኃ ጨመረችበት፤ ሁሉም ጠጣ። ጅቡም በመጨረሻ መጣ። «ለኔስ?» አላት። «አንተ ድስቱን ላስና አጥበህ መልስ» አለችው፤ ይኸው እስከዛሬ ጅብ ድስት የሚሰርቀው አጥቦ ሊመልስ ነው።

እኔና ሰላም ሳቅን። ጋሼም ሳቁ፤ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው፣ «ነገ ኔትወርኩ ሲመለስ ይህንኑ ለራሷ እነግራታለሁ፤ ስሜን ከጅብ ጋር አነሣህ ብላ ትሰድበኛለች» አሉ። ያ ቤት ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የሞቀበትን ሰዓት አላስታውስም፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተነፈሱ ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ያ ሙቀት ራሱ ያንገበግበኛል።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። በረዶው በየጥላው ሥር ጠቁሮና ቆሽሾ ቀርቷል። ጋሼ በራቸው ሲንኳኳ ከፈቱ፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱትን ሰዎች፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ፤ የእኔን አባት ደግሞ ከሁሉም ኋላ አዩት። እርሳቸው ራሳቸው በሕይወታቸው ብዙ ሰው ያረዱ ነበሩና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባቸው። የተዘጋጁት ክንዶች ያዟቸው። ሲነገራቸው አልጮኹም። ለቅሶው ከሴቶቹ ወገን ተነሥቶ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ እንኳ፣ እርሳቸው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና አንድ ነገር ጠየቁ።

«መቼ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚህ ጊዜ ነው አባቴ ያን ቃል የተናገረው፤ ከክፋት አልነበረም፤ አማረች አፈር ውስጥ ሳለች ስቄአለሁ፣ በልቻለሁ፣ ተጫውቻለሁ ብለው እንዳያፍሩ፣ ወዳጆቼ እያወቁ ቀለዱብኝ ብለው እንዳይቆስሉ ብሎ ነው። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሞትን ቀን ወደ መርዶው ቀን ያስጠጋሉ።

«ትናንት» አላቸው።

«ቀን ነው ማታ?»

አባቴ ጥያቄው ምን እንደሆነ አልገባውም። «ቀን» አላቸው፤ «ወደ ቀትሩ ገደማ።»

 የጋሼ ዓይን በሰው እግር መካከል ተሽሎክልካ የገባችውን እህቴን አገኘ፤ ለረዥም ጊዜ አይተዋት፣ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሐዘኑ ወግ እንደሚያዝዘው አለፈ። ፍራሽ ወረደ፤ ሰው መጣ፤ ሰው ሄደ። ክረምቱም አለፈ። እኛ ልጆቹ ግን ጓሯቸው መመላለሳችንን አላቆምንም፤ ፍሙ ዳር እንቀመጣለን። «ጋሼ፣ ተረት?» ስንላቸው፣ «ጉሮሮዬን ብርድ መታው ልጆቼ» ይላሉ። የመንደር ወሬ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰሙት አይመስለኝም። ፋኖሱን ማብራት ተዉ። ሰላም አንድ ቀን አኩርፋ፣ «ጋሼ አይወደንም» ብላ ገባች፤ ያኔ ነው እናቴ ምሳ ይዛላቸው ሄዳ የጠየቀቻቸው።

«ልጅቷ እንዳትሰማ» ብለው ጀመሩ። «ሕፃን ናት፤ ተሸክማው ታድጋለች። እኔ ነኝ የአማረችን ስም የጠራሁት። በቀን። ሞት በደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ። ወደ ቀትሩ ገደማ ነበር።»

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ተመልሳ መጣች። አባቴ የሱቁን በር ሳይዘጋ፣ ይህን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አድርጎት አያውቅም፣ ወደ ጓሮ ሮጠ። እኔ ተከትዬው ሄጄ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበርና የሆነውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። እሑድ ነው የሞቱት። ማክሰኞ አይደለም። እርስዎ ተረቱን ሲነግሩን ተቀብረው ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እንዳይጎዱ ብዬ ነው።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩት። በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የነበረው ርኅራኄ ነው፤ እርሱ ነው ያስፈራኝ።

«አየለ፣ ደግ ሰው ነህ» አሉት። «እኔን ለማዳን ስትል ሰው ከመሞቱ በፊት ትቀብራለህ?»

«በልጆቼ ይሁንብኝ፣ እሑድ ነው!»

«በልጆችህ አትማል። እኔም ቀን አዛውሬ አውቃለሁ፤ ስንቱን አርድቻለሁ። ሲዋሽ ሰው ይንተባተባል። አንተ ያን ጠዋት መቼ ስልህ አልተንተባተብክም። አሁን ግን እየው፣ ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል።»

አባቴ ስልክ አውጥቶ ወደ መንደሩ ደወለ፤ የእትዬ አማረች እኅት አነሡ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማቸው። ሴትዮዋ እያለቀሱ እሑድ መሆኑን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሆኑን ተናገሩ። ጋሼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያም፣ «አስጠንተሃታል» አሉ። «እግዜር ይስጣችሁ። ሁላችሁም ስለ እኔ ደክማችኋል።» ተነሥተውም አባቴን፣ ያ ትልቅ ሰው ትከሻው እየተርገፈገፈ ቆሞ ሳለ፣ አቅፈው «አይዞህ» ይሉት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ኖሩ። አባቴ በየጊዜው፣ በየአጋጣሚው፣ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና፣ አንዴም ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን መልሶ አምጥቶ ደጋግሞ ነገራቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ ምስጋናቸው ይበልጥ እየጠለቀ፣ እምነታቸው ይበልጥ እየጸና ሄደ፤ የሚወዷቸው ሰዎች ብዛት የጥፋታቸው ማስረጃ ሆኖ ታያቸው። በሌላ ክረምት፣ በረዶ በሌለበት ደረቅ ብርድ፣ በዚያችው ክፍል ሞቱ። እህቴ ሰላም ዛሬ ሕግ ታጠናለች፤ ያን ቀን ያሸነፈችው ክርክር ምን እንዳስከፈለ እስካሁን አልነገርናትም።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ተማርኩ። መምህሮቼ ተረት ማንንም እንደማይገድል፣ ቃል ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ እንዳይደለ አስተማሩኝ፤ እኔም ፈተናውን በሚገባ አለፍኩ። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ተረት ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚከፋውንም፣ እውነት በትክክለኛው ሰው አፍ፣ በእንባና በመሐላ ተነግሮ፣ ከሐሰቱ ያነሰ ክብደት ኖሮት ሲወድቅ አይቻለሁ። የተማርኩት ሁሉ ይህን አያስረዳልኝም። አባቴ አሁን አርጅቷል። አልፎ አልፎ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ እንደ ቀላል ነገር አስመስሎ፣ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ፣ «አንተ ስለ ቃል ነው አይደል የተማርከው?» ይለኛል። «ምን ብዬ ብነግራቸው ነበር የሚያምኑኝ?»

መጀመሪያ ላይ መልስ እፈልግለት ነበር። አሁን ከጎኑ ቆሜ፣ ያልጎደለውን ሻማ አብሬው እደረድራለሁ።